የወሰን ድንጋይና የሙያ ፈቃድ

መሬትን መለካት ከሰው ልጅ ሥራዎች መካከል ታማኝነትን አብዝቶ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሸማኔ ቢሳሳት ጉዳቱ ኩታውን በገዛው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ግንበኛ ቢሳሳት ቤቱን ያሠራው ሰው ይጎዳል። ቀያሽ ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ገንዘብ የከፈለው ሰው ሳይሆን ከወሰኑ ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። ያ ጎረቤት ቀያሹን አልጠራውም፤ አልተዋዋለውም፤ ምናልባትም መምጣቱን እንኳ አላወቀም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው የሥነ ምግባር ጥያቄ ከዚህ እውነት የሚነሣ ነው።

ዛሬ በከተማም ሆነ በገጠር ከመደበኛ ሥራው ጎን ሌላ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ነው። መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያስጠናል፤ አናጢው በዕረፍት ቀኑ የጎረቤቱን በር ይሠራል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ማታ ማታ የነጋዴዎችን መዝገብ ያስተካክላል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ቀያሹም እንደ ሌሎቹ ቤተሰብ አለው፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለበት። ታዲያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በግል ድርጅት የተቀጠረ ቀያሽ በዕረፍት ቀኑ ለራሱ ደንበኛ መሬት ቢለካ ምን ነውር አለው? ሙያውን እስካወቀ ድረስስ የሙያ ፈቃድ ከወረቀት በቀር ምን ይጨምርለታል? እነዚህ ጥያቄዎች የባለሙያዎች ብቻ አይደሉም፤ ጓሮና አጥር፣ እርሻና ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ሊያስብባቸው ይገባል።

ወሰን የሁለት ሰዎች ነው

ወሰን ከሌላው ንብረት የሚለይበት ጠባይ አለው። በሬ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤትም የአንድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ወሰን ግን ምንጊዜም ቢያንስ የሁለት ወገኖች ነው። አንዱ የራሱን ሲያሰፋ የሌላውን ማጥበቡ አይቀርም። ስለዚህም ኦሪት ዘዳግም (19፡14) ቀደምት ሰዎች የተከሉትን የጎረቤት ወሰን ማፍለስን ይከለክላል፤ በምዕራፍ 27 ቁጥር 17 ላይ ደግሞ ይህን የሚያደርግ ሰው በሕዝብ ሁሉ ፊት ከሚረገሙት መካከል ተቆጥሯል። መጽሐፈ ምሳሌ (23፡10-11) ነገሩን ወደ ወላጅ አልባ ልጆች እርሻ ያመጣዋል። ጠቢቡ ይህን ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወሰን የሚገፋው ዘወትር ጉልበትና ወገን ባለው ሰው ላይ ሳይሆን የሚከራከርለት በሌለው ሰው ላይ ነው።

በዘመናችን የሚከራከርለት የሌለው ማን ነው? ባልዋ የሞተባትና የይዞታ ወረቀት ማንበብ የማትችል እናት ናት። ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት አረጋዊ ነው። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት እየኖረች፣ ያጠራቀመችውን ልካ በትውልድ ከተማዋ ቦታ ያስያዘችና አጥሯን ማየት ያልቻለች እኅታችን ናት። እነዚህ ሰዎች ወሰናቸው በሚለካበት ቀን በቦታው የሉም፤ ቢኖሩም ድምፃቸው አይሰማም።

የሚወሰደው መሬት ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር በሆነ የከተማ ቦታ ላይ የቁመቱ ወሰን በግማሽ ሜትር ቢገፋ 10 ካሬ ሜትር ይጎድላል፤ ይህም የ200 ካሬ ሜትሩ አምስት በመቶ ነው። ግማሽ ሜትር ለጠበበ ቤተሰብ የመተላለፊያ መንገድ ነው፤ ለሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ለዓመታት የማይበርድ የፍርድ ቤት ክርክር መነሻ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ቀያሽ አንድን ንድፍ ሠርቶ ሲፈርምበት ሥዕል ብቻ አልሠራም፤ «ወሰኑ በዚህ ያልፋል» ብሎ መስክሯል። ስለሆነም ጉዳዩ ስለ ስርቆት የሚናገረውን ሰባተኛውን ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ስለ ሐሰት ምስክርነት የሚናገረውን ስምንተኛውንም ይነካል። ብዙዎች ወሰን መግፋትን ከሰባተኛው ጋር ብቻ ያያይዙታል፤ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸመው ግፍ ግን ከስምንተኛው ይጀምራል።

ከገመድ ወደ መሣሪያ

በአገራችን የመሬት ልኬት ረጅም ታሪክ አለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋው የቃላድ ልኬት መሬትን በገመድ እየለካ በጋሻ ይቆጥር ነበር፤ አንድ ጋሻም 40 ሄክታር ያህል እንደሆነ ይገመታል። በተለይ በደቡብ የአገራችን ክፍል ይህ ልኬት ለብዙ ገበሬዎች መሬታቸውን የማጣት መነሻ ሆኖ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ከዚህ የምንረዳው ልኬት በራሱ ፍትሕ አለመሆኑን ነው። ገመዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ገመዱን የያዘው እጅ ለማን እንደሚሠራ ካልታወቀ፣ ትክክለኛ ቁጥር የግፍ መሣሪያ ይሆናል።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የገበሬው ይዞታ እየተመዘገበ የማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ በኋላም በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የገጠር መሬትን አስተዳደር ደንግገዋል። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ በብዙ ቦታ ልኬቱ የተከናወነው በገመድና በሜትር ነበር። ከቀበሌው ሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ይለካሉ፤ አዋሳኞች ቆመው ያያሉ፤ የተጠራጠረ ይናገራል፤ ሽማግሌ ይዳኛል። ልኬቱ ጉድለት ቢኖረውም አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ ገመዱን ሁሉም ሰው ያየው ነበር።

በሁለተኛው ዙር የአየር ፎቶግራፍና የሳተላይት መሣሪያዎች ገቡ። በከተማም የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ካዳስተር የሚለው ቃል በብዙዎች ዘንድ ታወቀ። ዛሬ ቀያሹ ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ ቶታል ስቴሽን ይተክላል፤ ረዳቱ አንጸባራቂውን ይዞ በወሰኑ ጥግ ይቆማል፤ ርቀቱና ማዕዘኑ በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። መሣሪያው ከገመድ እጅግ እንደሚበልጥ አያጠራጥርም። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። በመነጽሩ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የሚረዳውም እርሱ ብቻ ነው። ጎረቤቱ አጠገቡ ቆሞ ሳለ እንኳ የሚሆነውን አያውቅም።

ለዚህ ሦስት ምሳሌዎችን እንስጥ። ተዳፋት በሆነ መሬት ላይ 100 ሜትር ገመድ ተዘርግቶ ከታች እስከ ላይ 30 ሜትር ከፍታ ቢኖር፣ በካርታ ላይ የሚሰፍረው አግድም ርቀት 95 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፤ ይህን የማያውቅ ለኪ በደጋው አገራችን ስንቱን ሊያጣላ እንደሚችል አስቡ። በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስ ደግሞ ብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ የደንን ስፋት ለመገመት ይበቃ ይሆናል፤ ሁለት የከተማ ቤቶችን የሚለይ አጥር ለመትከል ግን አይበቃም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የመነሻ ነጥብ ስሕተት ነው። ቀያሹ ከታወቀ የመሬት ምልክት ሳይሆን ከጎረቤቱ አሮጌ አጥር ተነሥቶ ከለካ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን የአጥሩን ስሕተት ወደ ሁሉም ቦታ ይዞት ይሄዳል። ንድፉ ግን ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ፈቃድ ለምን አስፈለገ?

የሙያ ፈቃድ ትርጉም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የቀያሾች ፈቃድ ሕግ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠረባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናትና የእርሷን ተሞክሮ በአጭሩ እንመልከት።

በዚያ አገር ጥንት ቀያሽ የሚሆነው በሹመት ነበር። ጆርጅ ዋሺንግተን እ.ኤ.አ. በ1749 በ17 ዓመቱ በቨርጂኒያ የኩልፔፐር አውራጃ ቀያሽ ሆኖ ተሾመ። አብርሃም ሊንከንም እ.ኤ.አ. በ1833 በኢሊኖይ የኒው ሴለም መንደር የፖስታ ኃላፊ ሳለ የሳንጋመን አውራጃ ምክትል ቀያሽ ሆኖ መሥራት ጀመረ። ሁለት ሥራ ደርቦ መያዝ እንግዲህ ለታላላቆችም ያልቀረ ነገር ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ሊንከን መሬት የለካው የሚያውቀው ሰው ስለ ጠራው ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ውክልና ስለ ተሰጠው ነበር።

ኋላ ሕዝቡ በዛ፤ መሬቱም ውድ ሆነ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1891 የመሬት ቀያሾችን በፈቃድ የሚያሠራ ሕግ አወጣች። ዋዮሚንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1907 ለመሐንዲሶችና ለቀያሾች ተመሳሳይ ሕግ ደነገገች። የዋዮሚንግ ምክንያት ለገበሬ አገር ሰው ግልጽ ነው። ዝናም በማይበዛበት በዚያ ምድር የመስኖ ውኃ ለማግኘት ካርታ ማቅረብ ግድ ነበር፤ ነገር ግን ጠበቆችና ውል አጽዳቂዎች ሳይቀሩ ያልተማሩትን ቅየሳ እየሠሩ እንደ ቀያሽ ይፈርሙ ነበር። ካርታው ሲሳሳት የሚደርቀው የሌላ ሰው ማሳ ነበር።

ዛሬ ሕጉ በየስቴቱ ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ወሰን ለሕዝብ የሚቀይስ ሰው በፈቃድ ባለቤት ሥር ለዓመታት ልምድ ሊያገኝና ፈተና ሊያልፍ ይገባዋል። ፈቃድ የሌለው ረዳት ቀያሽ የፈቃድ ባለቤቱ በሚመራው ሥራ ውስጥ ሊለካ ይችላል፤ ያንኑ ሙያ በዕረፍት ቀኑ ለራሱ ደንበኛ መሸጥ ግን አይፈቀድለትም። መሣሪያውን እኩል ቢያውቅም እንኳ አይፈቀድለትም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን እርሱ ራሱ ባልሠራውና ባልተቆጣጠረው ንድፍ ላይ ማኅተሙን እንዳያሳርፍ ተከልክሏል። ጥቅሞቹ የሚጋጩ ከሆነ ለአሠሪውና ለደንበኛው መግለጥ ግዴታው ነው። ጎረቤቱ ተበደልሁ ካለ ቅሬታውን የሚያቀርብበት የፈቃድ ሰጪ ቦርድ አለ፤ ያም ቦርድ ፈቃዱን ሊነጥቅ ይችላል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር ፈቃድ የዕውቀት ማረጋገጫ ብቻ አለመሆኑን ነው። ዕውቀትማ ያለ ፈቃድም ሊኖር ይችላል። ፈቃድ የተጠያቂነት ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳኑም የተገባው ለከፈለው ደንበኛ ሳይሆን በይበልጥ ላልጠራው ጎረቤት ነው። ደንበኛው ቀያሹን መርጦታል፤ ጠባዩን ጠይቋል፤ ካልወደደው ሌላ ይጠራል። ጎረቤቱ ግን ይህ ሁሉ ዕድል የለውም። ቀድሞ መንደሩ ሁሉ ገመዱን በማየት ያደርግ የነበረውን ጥበቃ፣ መነጽሩን ማየት በማይችልበት ዘመን ፈቃዱ እንዲያደርግለት ተፈለገ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1952 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ በቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ይህ ግዴታ በመሥሪያ ቤት ሰዓት የሚጀምርና በዕረፍት ቀን የሚቆም አይደለም።

የጎን ሥራ ሦስት ዕዳዎች

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከሥራ ሰዓት ውጭ መቀየስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ሦስት ዕዳዎች አሉበት።

የመጀመሪያው ለአሠሪው ያለ ዕዳ ነው። መሣሪያው የማን ነው? ነዳጁና መኪናውስ? በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ያለው መረጃ ለማን ይሸጣል? እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2409 ላይ ከሰባተኛው ትእዛዝ ጋር ከሚጋጩ ነገሮች መካከል የድርጅትን የጋራ ንብረት ለግል ጥቅም ማዋልንና ሥራን አበላሽቶ መሥራትን ጎን ለጎን ይጠቅሳል። የጎን ሥራ በሁለቱም በኩል ይፈትናል። ቀን የደከመ ሰው ማታ በመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ እየተጣደፈ ሲሠራ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊፈጽም ይችላል።

ሁለተኛው ለደንበኛው ያለ ዕዳ ነው። ደንበኛው ዋጋው ስለ ቀነሰለት ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን የሚቀበለው ወረቀት በባንክ፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በፍርድ ቤት ፊት ዋጋ ከሌለው ያለውን ጥቂት ገንዘብ ከንቱ አድርጎበታል። ቀያሹ «ይህ ለራስህ ዕውቀት ብቻ ነው፤ ለክርክር አይሆንም» ብሎ አስቀድሞ ካልነገረው አታልሎታል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ለጎረቤቱ ያለ ዕዳ ነው። ከሁሉ የሚከፋውም የመንግሥት ቀያሽ በዕረፍት ቀኑ በግል ክፍያ የለካውን ይዞታ ሰኞ ዕለት በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ተቀምጦ ራሱ ሲያጸድቀው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ምስክርም ዳኛም ሆኗል። ልኬቱ ትክክል ቢሆን እንኳ በደል አለበት፤ ጎረቤቱ አቤት የሚልበትን ደጅ ዘግቶበታልና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ስንቱን እንዳሳተ እናውቃለን፤ አባባሉ የሕዝብን ምሬት የሚገልጥ እንጂ ለኅሊና መመሪያ የሚሆን አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፦ ፈቃድ የባለሀብቶች አጥር ነው፤ ድሃው ቀያሽ እንዳይሠራ፣ ድሃው ገበሬም በርካሽ እንዳያስለካ ያደርጋል። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። ፈቃድ ማውጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ምልልስ የሚጠይቅ ሲሆን ሕጉ የሚጠብቃቸውን ሰዎች መልሶ ይጎዳል። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጡ ሁሉ ደጁን ለሚችል ሰው ክፍት ማድረግ የፍትሕ ግዴታቸው ነው። ሆኖም የፈቃዱ መንገድ መክበዱ ጎረቤቱን ያለ ጠባቂ ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም። መድኃኒት ውድ ነው ብለን ያልተማረ ሰው እንዲወጋን አንፈቅድም።

ሌሎች ደግሞ ደመወዝ አልበቃ ሲል ሰው ምን ያድርግ ይላሉ። በዚህም እውነት አለ። ካሊፎርኒያ የቀያሾችን ሕግ ባወጣችበት በዚያው በ1891 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ሬሩም ኖቫሩም በተባለው መልእክታቸው የሠራተኛ ደመወዝ ቆጥቦ የሚኖርን ሰው ሊያኖር እንደሚገባው አስተምረዋል። ቀያሹን በማይበቃ ደመወዝ የሚያሠራ ድርጅት ሠራተኛው በድብቅ ሲሠራ ቢያገኘው ከመቅጣቱ በፊት ራሱን ይመርምር። ነገር ግን የአሠሪው በደል ወደ ጎረቤቱ ይዞታ አይተላለፍም። ደመወዙን ያጎደለው ሌላ፣ ወሰኑ የሚጎድልበት ሌላ ነውና።

ምን እናድርግ?

ለባለሙያዎች የምንለው ይህ ነው። የጎን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን ለኅሊናችሁ አቅርቡ። አሠሪዬ ይህን ሥራ ቢያውቅ ልደብቀው እገደዳለሁን? ይህን ሥራ በስሜ ፈርሜ ለመጠየቅ ሕጉ ይፈቅድልኛልን? በመሥሪያ ቤቴ ይህንኑ ጉዳይ የምመለከተው እኔው ነኝን? አዋሳኙ ተጠርቶ ቆሞ አይቷልን? ከእነዚህ በአንዱ ላይ እንኳ ኅሊና ከተጠራጠረ ሥራውን ለሌላ ማሳለፍ ይሻላል። ፈቃድ የሌለው ግን ችሎታ ያለው ወጣት ደግሞ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ሥር ሆኖ ቢሠራ ክፍያው ሊያንስ ይችላል፤ የሚያተርፈው ልምድና ስም ግን በጊዜው ለራሱ ፈቃድ ያበቃዋል።

ለምእመናን የምንለውም አለ። ቀያሽ ስትጠሩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ከዚያም በፊት ጎረቤታችሁን ጥሩ። ጎረቤቱ በሩቅ ካለ ልኬቱን ለቤተሰቡ አሳውቁ፤ ቀን መጠበቅ ቢያስፈልግ ጠብቁ። «ወደ እኛ ትንሽ ጠጋ አድርገው» ብሎ ለቀያሹ የሚያንሾካሽክ ሰው በእጁ ድንጋይ አልነቀለም፤ ሆኖም ወሰን አፍላሽ እርሱ ነው፤ ቀያሹም ተባባሪው ነው። ቁምስናዎችም የቤተ ክርስቲያንን ይዞታ ሲያስለኩ በዚሁ ሥርዓት ሊሄዱ ይገባል፤ ለእግዚአብሔር ቤት የተገኘ ነው ተብሎ ከጎረቤት የሚወሰድ ስንዝር መሬት የተቀደሰ አይሆንም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ይህ ርእስ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ መልካም ምሳሌ ይሆናቸዋል። ልጆች ስርቆትን ከኪስ ገንዘብ፣ ሐሰትን ከአፍ ቃል ጋር ብቻ እንዳያያይዙት፣ በቁጥርና በፊርማም ሊሰረቅና ሊዋሽ እንደሚችል ያስረዷቸው። የሚቻል ከሆነም ልጆቹን ወደ አንድ የወሰን ድንጋይ ወስደው ከሁለቱም ወገን እንዲያዩት ያድርጉ። ድንጋዩ አንድ ነው፤ የሚያየው ግን ሁለት ቤተሰብ ነው። በአንደኛው ወገን ብቻ ቆሞ የሚለካ ሰው፣ ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ሥራውን ገና ግማሹን እንኳ አልሠራም።